ከፍተኛ የደም ስኳርና የተተከሉ የቆሽት ደሴቶች የደም ፍሰት፦ ቦታው፣ ሞዴሉና መለኪያው እንዴት ይመረጣል?

የደም ስኳር ከፍ ሲል በተተከለ የቆሽት ደሴት (ኢንሱሊን የሚያመነጩ ህዋሶች ያሉበት ጥቃቅን ክምችት) ውስጥ የሚያልፈው ደም ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? መልሱ ደሴቱ የት እንደተተከለ፣ ስኳሩ በምን መንገድ ከፍ እንዳለ፣ ፍሰቱ በምን እንደተለካና ከተከላው ስንት ቀን እንዳለፈ ይለያያል። ሁለት ጥናቶች የተጋጩ ሲመስሉ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ተሳስቶ አይደለም፤ እነዚህን አራት ነገሮች በተለያየ መንገድ መርጠው ነው። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር ምርጫው ፊታቸው ላለ የቤተ ሙከራ ሰዎችና የድህረ ምረቃ ተማሪዎች የተዘጋጀ ነው። ሕመምተኛ የሚከታተል ሐኪምም መጨረሻው ላይ የሚጠቅመውን ያገኛል።

አንድ ማሳሰቢያ ስለ ስያሜ። ትልቁን የቤተ ሙከራ አይጥ ራት፣ ትንሹን ማውስ ብለናል። የመድኃኒት መጠናቸው በጣም ስለሚለያይ ሁለቱንም «አይጥ» ብሎ ማለፍ ስህተት ይወልዳል።

ከሁሉ በፊት ቀኑን ይወስኑ

የሰው ቆሽት ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጉ የላንገርሃንስ ደሴቶች አሉት። ክብደታቸው ከቆሽቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ ብቻ ነው፤ ሆኖም ወደ ቆሽት ከሚገባው ደም 10 በመቶ ያህሉን ይወስዳሉ። በውስጣቸው ያሉት ካፒላሪዎች (እጅግ ቀጫጭን የደም ስሮች) ግድግዳቸው በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተበሳሳ ስለሆነ ግሉኮስ ወደ ህዋሱ፣ ኢንሱሊን ወደ ደሙ በፍጥነት ያልፋል።

ደሴቱ በኮላጅኔዝ ኤንዛይም ከቆሽቱ ተለይቶ ሲወጣ ይህ መረብ ይቆረጣል። ከተተከለ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት የሚኖረው ከዙሪያው በስርገት በሚደርሰው ኦክስጅን ነው። ኦክስጅን በሕያው ሥጋ ውስጥ የሚሰርገው ከ100 እስከ 200 ማይክሮሜትር ያህል ርቀት ድረስ ብቻ ነው። የደሴት ቁጥር የሚሰላበት መደበኛ መለኪያ ደግሞ 150 ማይክሮሜትር ዲያሜትር ያለው ደሴት ነው። ስለዚህ ከዚህ በእጅጉ የሚተልቁት መሃላቸው ቀድሞ ይሞታል። በራትና በማውስ አዳዲስ የደም ስሮች ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ማቆጥቆጥ ይጀምራሉ፤ መረቡ በአብዛኛው የሚጠናቀቀው ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው።

ከዚህ ተነስተን ሦስት ወቅቶችን መለየት እንችላለን። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት በደሴቱ ውስጥ ለመለካት የሚያበቃ ፍሰት የለም። በዚህ ወቅት ስለ ደም ፍሰት የሚቀርብ ቁጥር የሚናገረው ስለ አስተናጋጁ አካል ነው እንጂ ስለ ደሴቱ አይደለም። ከ3ኛው ቀን እስከ 14ኛው ጥያቄው «ስኳሩ የደም ስሮቹን እድገት ያፋጥናል ወይስ ያዘገያል?» የሚል ነው። ከአንድ ወር በኋላ ደግሞ ስሮቹ አድገው ስላለቁ የሚጠናው መስፋትና መጥበባቸው ነው። ሦስቱን በአንድ ሙከራ ለመመለስ መሞከር በዚህ ሥራ ከሚታዩት ስህተቶች ሁሉ የከፋው ነው።

ስኳሩ በሁለት በኩል ይሠራል

በተፈጥሮ ቦታቸው ባሉ ደሴቶች ላይ ምስሉ በአንጻራዊነት ግልጽ ነው። ለራት በደም ስር 30 በመቶ ግሉኮስ 1 ሚሊ ሊትር ሲሰጥ በደቂቃዎች ውስጥ የደሴቶቹ ደም ፍሰት ከፍ ይላል፤ የመላው ቆሽት ፍሰት ግን ብዙም አይለወጥም። በዚህ ምላሽ ውስጥ የቬገስ ነርቭ፣ አዴኖሲንና ናይትሪክ ኦክሳይድ ድርሻ አላቸው። በተተከለ ደሴት ላይ ግን ነርቩ ተቆርጧል፣ ስሮቹም ከአስተናጋጁ አካል የበቀሉ ናቸው። ተመሳሳይ ምላሽ መጠበቅ አይቻልም፤ ቢመጣም ስሮቹና ነርቮቹ ሲያድጉ በሳምንታት ውስጥ የሚመጣ ነው።

ይህ የአቅርቦቱ ጎን ነው። በፍላጎት ጎን ያለው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ቤታ ህዋስ ግሉኮስ ሲበዛበት ኢንሱሊን ለማመንጨት ጠንክሮ ይሠራል፤ ሲሠራ ኦክስጅን ይበላል። በተፈጥሮ ደሴት ውስጥ የኦክስጅን ግፊት 40 ሚሊሜትር ሜርኩሪ አካባቢ ሲሆን፣ በራት ላይ በተደረጉ ልኬቶች በተተከሉ ደሴቶች ውስጥ፣ ስሮቹ ካደጉ ከሳምንታት በኋላም ቢሆን፣ ወደ 10 እና ከዚያ በታች ይወርዳል። የስኳር በሽታ ባለበት እንስሳ ውስጥ ይብስ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ፍሰቱ ጨምሮ ኦክስጅኑ ሊቀንስ ይችላል። ፍሰትን ብቻ ለክቶ «ከፍተኛ ስኳር ደሴቱን ጠቀመው» ማለት፣ ወደ ቤት የገባውን እህል ቆጥሮ የተበላውን አለመቁጠር ነው።

ሦስተኛ ነገርም አለ፤ ይህኛው ከደሴቱ ውጭ ነው። ስኳር ለሳምንታት ከፍ ሲል ሽንት ይበዛል፣ በደም ስር ውስጥ ያለው ፈሳሽ ይቀንሳል፣ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ደሙ ይወፍራል። ያን ጊዜ የትኛውም አካል ፍሰቱ ሊቀንስ ይችላል። የደም ቅዳ ግፊትና ሄማቶክሪት (ቀይ የደም ህዋሶች ከደሙ የሚይዙት ድርሻ) ያልተመዘገበበት የፍሰት ቁጥር ለምንም አይበጅም።

የተከላ ቦታ

የኩላሊት ሽፋን ሥር። በራትና በማውስ ምርምር የለመደው ቦታ ይህ ነው፤ በቂ ምክንያትም አለው። ደሴቶቹ አንድ ላይ ቀጭን ንጣፍ ሆነው ይቀመጣሉ፣ በቀላሉ ይገኛሉ፣ ስኳሩ ከተስተካከለ በኋላ ኩላሊቱን በማውጣት ያስተካከለው ንቅለ ተከላው መሆኑን ማረጋገጥ ይቻላል፤ ስኳሩ ተመልሶ ካሻቀበ ነገሩ እውነት ነው። ችግሩ ሁለት ነው። የኩላሊት ቅርፊት ራሱ እጅግ ብዙ ደም ስለሚያልፍበት ከሥር ሆኖ ልኬቱን ያውካል። ሁለተኛ፣ ስኳር የሚያስከትለው የኩላሊት ፍሰት ለውጥ ከደሴቱ ለውጥ ጋር ይቀላቀላል። ለሰው የሚሆን ቦታም አይደለም።

ጉበት በፖርታል ደም መልስ (ከአንጀት ወደ ጉበት ደም በሚወስደው ስር) በኩል። በሰው ላይ መደበኛው መንገድ ይህ ነው። በ2000 የኤድመንተን ቡድን 7 ሕመምተኞችን ከኢንሱሊን ነጻ ያደረገበት ዘዴም በዚሁ የተሠራ ነው። ደሴቶቹ በትንንሽ የፖርታል ስሮች ውስጥ ይሰካሉ፤ ቆይቶ የሚደርሳቸው ደም በዋናነት ከጉበት ደም ቅዳ የሚመጣ ነው። ለስኳር ጥያቄ ጉበት የተለየ ባሕርይ አለው፦ ከምግብ በኋላ በፖርታል ደም ውስጥ ያለው ግሉኮስ በሌላው የሰውነት ክፍል ካለው ይበልጣል። በክንድ ደም 180 ሚሊግራም በዴሲሊትር ያነበበ መለኪያ፣ ደሴቱ ያየውን ሁሉ አይነግርም። ከዚያ ደግሞ ደሴቱ ደምን በቀጥታ ሲነካ የሚነሳው የመርጋትና የብግነት ምላሽ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ብዙ ደሴቶችን ይገድላል። ይህን ጉዳት ከስኳሩ ጉዳት ለይቶ ማውጣት ከባድ ነው። በማውስ ላይ ደግሞ የፖርታል ስሮቹ ጠባብ ስለሆኑ ደሴቶቹ ትልቅ መዘጋት ይፈጥራሉ። ጥያቄዎ ፍሰት ከሆነ ማውስ ጉበት ውስጥ መትከልን አንመክርም።

ጡንቻ። በቀላሉ ይደረሳል፣ በውስጡ የሚያድገው የደም ስር መረብም ለተፈጥሮው የቀረበ ሆኖ ተገኝቷል። ሰው ላይም፣ በተለይ ቆሽታቸው ሙሉ በሙሉ ወጥቶ የራሳቸው ደሴቶች በተመለሱላቸው ሕመምተኞች ላይ፣ ተሞክሯል። የሚያበላሸው አተካከል ነው። ደሴቶቹ በአንድ ቦታ ከተከመሩ መሃላቸው ሞቶ ጠባሳ ይሆናል። መርፌው ወደ ኋላ እየተሳበ ደሴቶቹ እንደ ዶቃ በሰልፍ መውረድ አለባቸው። ከኩላሊት ይልቅ ጡንቻ ለረጅም ጊዜ የስኳር ጥናት ይመቻል፤ እረፍት ላይ ያለ ጡንቻ ፍሰቱ ዝቅተኛ ስለሆነ የጀርባ ድምፁ ትንሽ ነው።

ሞራ። ደሙ ወደ ፖርታል ስለሚፈስ ኢንሱሊኑ እንደ ተፈጥሮው መጀመሪያ ጉበት ይደርሳል፤ ደሴቶቹ ግን በቀጥታ ደም ውስጥ አይገቡም። በ2017 በወጣ የአንዲት ሕመምተኛ ዘገባ ደሴቶቹ በራሷ ፕላዝማና በትሮምቢን በተሠራ እርጎ መሰል ነገር ሞራው ላይ ተጣብቀው ኢንሱሊን አቁማለች። በማውስ ላይ ሞራው ጥቂት ስለሆነ በወንዶቹ የዘር ፍሬ አጠገብ ያለው ስብ ይተካዋል። ስብ ራሱ በስኳር በሽታ መጠኑ ስለሚቀንስ ግን የጊዜ ንጽጽር ላይ ጥንቃቄ ይሻል።

ከቆዳ ሥር ያለ ምንም ዝግጅት መትከል አያዋጣም፤ ስሩ ጥቂት ነው። ፕላስቲክ ቱቦ ለአንድ ወር ያህል ቀድሞ ተቀምጦ፣ በዙሪያው ስሮች ሲበቅሉ ቱቦው ወጥቶ ደሴቶቹ በቦታው የሚገቡበት ዘዴ በማውስ ላይ ጥሩ ሠርቷል። ለእኛ ጥያቄ ያለው ዋጋ ሌላ ነው፦ ስሮቹ ከደሴቱ በፊት ስለሚበቅሉ፣ ስኳሩን በዝግጅቱ ወር ብቻ ወይም ከዚያ በኋላ ብቻ ከፍ ማድረግ ይቻላል።

የዓይን የፊት ክፍል። በኮርኒያው በኩል፣ ሳይቆረጥና ሳይሰፋ፣ አንዱን ደሴት ለወራት ደጋግሞ ማየት የሚቻልበት ብቸኛው ቦታ ነው። ደሴቶቹ አይሪስ ላይ ይጣበቃሉ፣ ስርም ነርቭም ያገኛሉ። የስኳርን ውጤት በየሳምንቱ በዚያው ደሴት ላይ ለመከታተል ከፈለጉ ይህን ይምረጡ። የኮንፎካል ወይም የሁለት ፎቶን ማይክሮስኮፕ ግን ያስፈልገዋል።

ስኳሩን ከፍ ማድረግ

ቤታ ህዋሶችን የሚገድለው መድኃኒት ስትሬፕቶዞቶሲን በብዛት የሚመረጠው ርካሽና ፈጣን ስለሆነ ነው። ለራት በኪሎ ከ50 እስከ 65 ሚሊግራም፣ ለማውስ በአንድ ጊዜ ከ150 እስከ 200 ሚሊግራም ይሰጣል። ለማውስ በቀን በኪሎ ከ40 እስከ 50 ሚሊግራም ለ5 ቀናት የሚሰጥበት መንገድም አለ፤ ይህኛው ግን የሰውነት መከላከያን ስለሚያስነሳ ለፍሰት ጥናት አይመችም። በፒኤች 4.5 ሲትሬት በፈር ውስጥ ይሟሟል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ካልተወጋ ኃይሉ ይሞታል። «አንዳንዶቹ እንስሳት አልታመሙም» የሚለው ቅሬታ መነሻው ብዙ ጊዜ ጠረጴዛ ላይ የቆየ ብልቃጥ ነው። ቤታ ህዋሶች ሲፈርሱ ያከማቹት ኢንሱሊን ስለሚለቀቅ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ስኳሩ አደገኛ ደረጃ ድረስ ይወርዳል፤ ሌሊቱን 10 በመቶ የሱክሮስ ውኃ ይቅረብላቸው።

መድኃኒቱ የሚገባው በግሉት 2 በር፣ ማለትም ግሉኮስን ወደ ህዋስ በሚያስገባ ፕሮቲን፣ ነው። ይህ በር በጉበትና በኩላሊትም አለ። ስለዚህ ደሴቶቹን ኩላሊት ወይም ጉበት ውስጥ የምትተክሉ ከሆነ የምታዩት ለውጥ የስኳሩ ይሁን የመርዙ መለየት አለበት። መውጫው ሁለት ተጨማሪ ቡድኖች ናቸው። አንዱ ስትሬፕቶዞቶሲን ወስዶ ቀስ እያለ በሚለቅ የኢንሱሊን እንክብል ስኳሩ የተስተካከለለት ነው። ሌላው በፍሎሪዚን የተስተካከለ ነው፤ ፍሎሪዚን ግሉኮስን በሽንት ያስወጣል እንጂ ኢንሱሊን አይጨምርም። ሁለቱም የሚያስፈልጉት ኢንሱሊን በራሱ በናይትሪክ ኦክሳይድ በኩል የደም ስር ስለሚያሰፋ ነው። በኢንሱሊን የታከመው ቡድን ፍሰቱ ቢሻል፣ የስኳሩ መውረድ ነው ወይስ ኢንሱሊኑ? ይህን የሚመልሰው የፍሎሪዚኑ ቡድን ነው። አብዛኞቹ ፕሮቶኮሎች ይህን ቡድን ወጪ ለመቀነስ ይተዉታል፤ መቀነስ ካለበት ሌላ ነገር ይቀነስ።

የስኳር በሽታ ያለው እንስሳ የሚባለው በሁለት ተከታታይ ልኬት ከ300 ሚሊግራም በዴሲሊትር (16.7 ሚሊሞል በሊትር) በላይ ያነበበ ነው። የእጅ መለኪያዎች ብዙዎቹ 600 ላይ ይቆማሉ፤ «ከፍተኛ» የሚል ጽሑፍ ሲመጣ 600 ብሎ መመዝገብ አማካዩን ያዛባል። ናሙናው ተቀጥኖ ወይም በቤተ ሙከራ መሣሪያ ይለካ።

ግሉኮስን በደም ስር በማንጠባጠብ ከፍ ማድረግ ንጹሕ ነው፤ መርዝ የለበትም፣ የስኳሩ መጠንም በእጅ ነው። ለደቂቃዎችና ለሰዓታት ጥያቄ ከዚህ የተሻለ የለም። እንስሳው ጤነኛ ቆሽት ካለው ግን ኢንሱሊኑም አብሮ ይወጣል። የተወጋው ፈሳሽ ወፍራም ስለሆነ ደግሞ ውኃ ወደ ደም ይስባል፤ ስለዚህ ማኒቶል ወይም ኤል ግሉኮስ የሚሰጠው ማነጻጸሪያ ቡድን ግዴታ ነው። ጨው ውኃ ብቻ ማነጻጸሪያ አይሆንም።

ከቆሽቱ 90 በመቶውን በቀዶ ጥገና ማውጣት መጠነኛ፣ የረጅም ጊዜ ከፍታ ያመጣል። የአኪታ ማውስ ደግሞ በዘር ለውጥ ምክንያት ኢንሱሊኑ በትክክል ስለማይታጠፍ ያለ መርዝ ስኳር ያለበት ነው። ቀዶ ጥገና የሚችል እጅ ካለ የመጀመሪያው፣ ከሌለ ሁለተኛው፣ ከስትሬፕቶዞቶሲን የሚሻሉበት ጊዜ አለ፤ በተለይ ጉበት ውስጥ ሲተከል።

አሁን ወደ ወጥመዱ። ለማውስ ከ300 እስከ 500 ደሴቶች ከተተከሉ በቀናት ውስጥ ስኳሩን ያስተካክላሉ። ማለትም ንቅለ ተከላው ሊያጠኑት የፈለጉትን ሁኔታ ራሱ ያጠፋዋል። ስኳሩ ከፍ ብሎ እንዲቆይ ከተፈለገ ሁለት መንገድ አለ፦ ከ150 እስከ 200 ያህል፣ ዳር ላይ ያለ ቁጥር መትከል፤ ወይም ስኳሩን ፈጽሞ ሊለውጡ የማይችሉ ጥቂት ደሴቶችን፣ ለምሳሌ 10፣ በቆዳ እጥፋት መስኮት (በእንስሳው ቆዳ እጥፋት ላይ በሚገጠም መመልከቻ መስታወት) ወይም በዓይን ውስጥ ማስቀመጥ። የመጀመሪያው ለሕክምና እውነታ የቀረበ ነው፤ ነገር ግን ከእንስሳ እንስሳ በጣም ይለያያል። ሁለተኛው ስኳሩን ቋሚ ያደርጋል። የፍሰት ጥያቄ ላለው ሰው ሁለተኛውን እንመርጣለን።

ስሮቹ ከአደጉ በኋላ ብቻ ስኳሩን ከፍ ለማድረግ አንድ ጥሩ ዘዴ አለ። የሰው ቤታ ህዋሶች ስትሬፕቶዞቶሲንን ይቋቋማሉ። የሰውነት መከላከያ በሌለው ማውስ ውስጥ ጥቂት የሰው ደሴቶች ተተክለው 4 ሳምንት ከቆዩ በኋላ መድኃኒቱ ሲሰጥ የማውሱ ቤታ ህዋሶች ይጠፋሉ፣ የሰዎቹ ይቀራሉ። የእድገቱን ወቅት ከመስፋትና መጥበቡ ወቅት በንጽሕና የሚለይ ሌላ ዘዴ ማግኘት ይከብዳል።

ማደንዘዣው ራሱ ስኳር ያነሳል

ይህ የሚረሳ ስለሆነ ለብቻው ይነገር። ኬታሚንና ዛይላዚን ተቀላቅለው ሲሰጡ፣ ዛይላዚኑ የኢንሱሊን መለቀቅን ስለሚያግድ የእንስሳው ስኳር በደቂቃዎች ውስጥ ይወነጨፋል። ሜዴቶሚዲንም እንዲሁ ነው። አይሶፍሉሬን የደም ስር ያሰፋል፣ ስኳርንም በመጠኑ ያነሳል። ስለዚህ «ስኳሩ መደበኛ የሆነው ቡድን» በልኬቱ ሰዓት መደበኛ ላይሆን ይችላል። በራት ላይ ለፍሰት ሥራ ታዮቡታባርቢታል የሚመረጠው በከፊል ለዚህ ነው። የትኛውንም ይምረጡ፣ ግሉኮሱን ከማደንዘዣው በፊት ብቻ ሳይሆን ፍሰቱ በተለካበት ደቂቃም ይለኩት።

ፍሰቱን መለካት

ማይክሮስፌር ፍጹም ቁጥር፣ ማለትም በደቂቃ በግራም ሚሊ ሊትር፣ የሚሰጥ ነው። ለራት ደሴቶች 10 ማይክሮሜትር ዲያሜትር ያላቸው ባለቀለም ጥቃቅን ኳሶች፣ 150,000 እስከ 200,000 ገደማ፣ በአንገት ደም ቅዳ በኩል ወደ አኦርታ መነሻ ይወጋሉ። በዚያው ጊዜ ከጭን ደም ቅዳ በታወቀ ፍጥነት ደም ለአንድ ደቂቃ ይቀዳል። በደሴቱ ያሉት ኳሶች ብዛት በተቀዳው ደም ፍጥነት ተባዝቶ፣ በተቀዳው ደም ውስጥ ባሉት ኳሶች ሲካፈል ፍሰቱ ይገኛል። በማጣቀሻው ናሙና ውስጥ ወደ 400 የሚደርሱ ኳሶች ከሌሉ ስህተቱ ይሰፋል። የሁለቱ አድሬናል እጢዎች ቁጥር በ10 በመቶ ውስጥ ካልተቀራረበ ኳሶቹ በደንብ አልተቀላቀሉም ማለት ነው፤ እንስሳው ከስሌቱ ይወጣል።

ይህ ዘዴ ሁለት ገደብ አለው። እንስሳው በዚያው ስለሚገደል አንድ ጊዜ ብቻ ይለካል። ሁለተኛው ደግሞ ለጉበት ተከላ ወሳኝ ነው፦ በአኦርታ የገቡ ኳሶች አንጀት ውስጥ ይያዛሉ እንጂ ፖርታል ድረስ አይደርሱም። ስለዚህ በጉበት ያለ ደሴት ላይ የሚለካው ከደም ቅዳ የመጣው ድርሻ ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይህ ድርሻ ባዶ ቢመስል ምንም አያስገርምም።

ሌዘር ዶፕለር፣ ማለትም የደም ህዋሶችን እንቅስቃሴ በብርሃን ጨረር የሚለካው መሣሪያ፣ ተቃራኒው ነው። በዚያው እንስሳ ላይ በየሰከንዱ የሚሆነውን ያሳያል፣ ለአጣዳፊ የግሉኮስ ሙከራ ይመቻል፣ ነገር ግን አሃዱ ዘፈቀዳዊ ነው። በአንድ እንስሳ ውስጥ በፊትና በኋላ ማነጻጸር ያስኬዳል፤ የአንዱን ቡድን ቁጥር ከሌላው ቡድን ጋር ማነጻጸር ግን ያወዛግባል። ጨረሩ ወደ 1 ሚሊሜትር ያህል ስለሚጠልቅ ቀጭን ንጣፍ ከሆነ የኩላሊቱን ቅርፊት አብሮ ያነባል። የመለኪያው ጫፍ በትንፋሽ ከተንቀሳቀሰ ቁጥሩ ከፍ ይላል። እንስሳው ከሞተ በኋላ የሚቀረው ንባብ ዜሮ ስለማይሆን ተመዝግቦ ይቀነስ።

በቆዳ እጥፋት መስኮት የሚደረገው የቀጥታ ማይክሮስኮፕ ምርመራ በሃምስተርና በማውስ የተለመደ ነው። የሚያበራ ዴክስትራን በደም ስር ሲሰጥ እያንዳንዱ ካፒላሪ ይታያል፤ የቀይ ደም ህዋስ ፍጥነት፣ የስሩ ዲያሜትርና ደም የሚያልፍባቸው ስሮች ርዝመት በስፋት ሲካፈል ይለካል። ዋናው ጥቅሙ እነዚህን ሦስቱን መለየቱ ነው። ስኳሩ ዲያሜትሩን ሲያሰፋ ፍጥነቱ ላይጨምር ይችላል፤ ማይክሮስፌር ይህን አያሳይም። መስኮቱ ከ2 እስከ 3 ሳምንት በላይ አይቆይም። የቆዳው ሙቀት ከውስጥ አካል ዝቅ ስለሚል ካልተሞቀ ፍሰቱ ይቀንሳል።

ፍሰት በራሱ በቂ ስላልሆነ ከሁሉም ጋር የኦክስጅን ልኬት ይጨመር። የክላርክ ዓይነት ጥቃቅን ኤሌክትሮድ በጣም ትክክለኛ ነው፤ ጫፉ ስለሚሰበር ግን እጅ ይጠይቃል። በ37 ዲግሪ አየር በጠገበ ውኃ 150 ሚሊሜትር ሜርኩሪ፣ በሶዲየም ሰልፋይት ውኃ ዜሮ እንዲያነብ ይስተካከል፤ ከልኬቱ በኋላም ይፈተሽ። መሣሪያው ከሌለ ፒሞኒዳዞል የተባለ ንጥረ ነገር በኪሎ 60 ሚሊግራም እንስሳው ከመገደሉ ከአንድ ሰዓት በፊት ይሰጣል፤ ከ10 ሚሊሜትር ሜርኩሪ በታች የሆነ ህዋስ ላይ ብቻ ይጣበቃል። የተተከሉ ደሴቶች ከዚህ መስመር አጠገብ ስለሚገኙ ለዚህ ሥራ የተሠራ ይመስላል።

በቀለም የተለዩ የደም ስሮችን መቁጠር ግን የፍሰት ልኬት አይደለም። ስር መኖሩ ደም ያልፍበታል ማለት አይደለም። ሌክቲን (የደም ስር ግድግዳ ላይ የሚጣበቅ ፕሮቲን) እንስሳው ከመገደሉ በፊት በደም ስር ከተሰጠ ቢያንስ ደም የደረሰበትን ስር ብቻ ያቀልማል። ስሮቹ ደግሞ በደሴቶቹ መካከል ባለው ተያያዥ ሥጋ ላይ መሰብሰብ ይቀናቸዋል፤ ያንን ከደሴቱ ውስጠኛ ክፍል ጋር ደምሮ መቁጠር የጎደለውን ሙሉ ያስመስላል።

የትኛው ከየትኛው ጋር?

አጣዳፊ ጥያቄ ከሆነ፦ ኩላሊት ሥር ወይም ጡንቻ ውስጥ ከተተከለ አንድ ወር ያለፈው ራት፣ የግሉኮስ ማንጠባጠብ፣ የማኒቶል ማነጻጸሪያ፣ ሌዘር ዶፕለርና ኤሌክትሮድ አብረው። የእድገት ጥያቄ ከሆነ፦ ጥቂት ደሴቶች በመስኮት ወይም በዓይን፣ ስትሬፕቶዞቶሲን ከተከላው ቢያንስ ከ3 እስከ 7 ቀን ቀድሞ፣ ከኢንሱሊንና ከፍሎሪዚን ቡድኖች ጋር። ፍጹም ቁጥር ከተፈለገ ማይክሮስፌር ከኩላሊት ወይም ከጡንቻ ጋር፤ ከጉበት ጋር ከሆነ የተለካው የደም ቅዳው ድርሻ መሆኑ በርዕሱ ላይ ሳይቀር ይጻፍ።

በሕመምተኛ ላይ

ሰው ላይ የደሴቱን ፍሰት በቀጥታ የሚያሳይ የዕለት ተዕለት ምርመራ የለም። ከተከላው ማግስትና በሳምንቱ የሚደረገው የጉበት ዶፕለር አልትራሳውንድ የሚያየው ፖርታል ስሩ ረግቶ እንደሆነ ነው። ስለዚህ በስኳር በኩል የሚቀረው ምርጫ የፍላጎቱን ጎን መቀነስ ነው።

ስሮቹ እስኪያድጉ ድረስ ደሴቱን ማሳረፍ ማለት ኢንሱሊን ከውጭ መስጠት ነው። ለመጀመሪያው አንድ ወይም ሁለት ቀን በደም ስር የሚንጠባጠብ ኢንሱሊን ከቆዳ ሥር ከሚሰጠው ይመረጣል፤ በየሰዓቱ እየተለካ ከ80 እስከ 120 ሚሊግራም በዴሲሊትር (ከ4.4 እስከ 6.7 ሚሊሞል በሊትር) አካባቢ ለመያዝ ያስችላል። ጉዳቱ ነርስ የሚጠይቅ መሆኑና ዝቅታ ማምጣቱ ነው። ዝቅታን ሳያውቁ ለሚወድቁ ሰዎች፣ ተከላው ራሱ በዚህ ምክንያት ስለሚደረግላቸው፣ ክትትል በማይኖርበት ክፍል ይህን ጠባብ ግብ መያዝ አደገኛ ነው፤ ግቡን በትንሹ ከፍ ማድረግ ይሻላል። ከዚያ በኋላ ከቆዳ ሥር የሚሰጠው ኢንሱሊን ወይም ፓምፕ ለሳምንታት ይቀጥላል። ሕመምተኛው «ተተክሎልኝ ለምን እወጋለሁ?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ያው የ14 ቀኑ ታሪክ ነው። ተከታታይ የስኳር መለኪያ የሚጠቀም ከሆነ ከአሠራሩ በኋላ ለሕመም የሚሰጠው ፓራሲታሞል አንዳንዶቹን መለኪያዎች ከእውነተኛው በላይ እንዲያነቡ ያደርጋል፤ በዚያ ንባብ ላይ ተመሥርቶ ኢንሱሊን መጨመር አይገባም።

ስኳሩ በኋላ ቢያሻቅብ ሁሉም የፍሰት ችግር አይደለም። ሰውነት ተከላውን እንዳይጥለው ከሚሰጡት መድኃኒቶች ታክሮሊመስ የኢንሱሊን መለቀቅን ይጫናል፣ ስቴሮይድ ሰውነት ኢንሱሊንን እንዳይቀበል ያደርጋል፣ ሲሮሊመስ ደግሞ የአዳዲስ ስሮችን እድገት ያዳክማል። መጀመሪያ የመድኃኒቱ የደም መጠን፣ ቀጥሎ ኢንፌክሽን፣ ከዚያ በመጀመሪያው ሳምንት ከሆነ ዶፕለር ይታይ። ሲ ፔፕታይድ (ደሴቱ ከኢንሱሊን ጋር አብሮ የሚለቀው ንጥረ ነገር) ሲላክ ግሉኮሱም ከዚያው ቅጂ ይላክ፤ ስኳሩ በኢንሱሊን 75 ላይ ተይዞ ሲ ፔፕታይዱ ዝቅ ቢል ደሴቱ አርፎ ነው እንጂ ሞቶ ላይሆን ይችላል፣ ስኳሩ 220 ሆኖ ሲ ፔፕታይዱ ዝቅ ካለ ግን የኢንሱሊኑ መጠን በዚያው ቀን ይጨመር።